ላሟ የላሰችው ሞተር

በመስቀል ማግስት ባለቤቴ የዕቃ ቤቱን በር ከፍቶ ሸራውን ሲገልጥ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ድንች እልጥ ነበር። ምንም አላለም። ሞተሩን ሲያወጣ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ትንሽ ሳይሰድበው አስነስቶት አያውቅም። ስለዚህ ቢላዋዬን አስቀምጬ ሄድሁ።

ሞተር ሳይክሉ ነጭ ሆኖ ቆሟል። የነዳጅ ታንኩ፣ መሪው፣ የኋላ ጎማው ሽቦዎች ሳይቀሩ አመዳይ የወረደባቸው ይመስላሉ። ከነጩ ሥር ቀይ ዝገት ይታያል። ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ደርቆ አንድ ወጥ ብረት ሆኗል። መጀመሪያ ሻጋታ መሰለኝ። በጣቴ ጫር አድርጌ ቀመስሁት።

«ጨው ነው» አልሁት።

«አየሁት» አለ።

እንዴት እንደሆነ ለመናገር ወደ ሰኔ መመለስ አለብኝ። ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ከምንኖርበት ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ተራራ ሥር ያልደረሰበት ቀበሌ የለም፤ የደረሰውም በዚሁ ሞተር ነው። ጡረታ በወጣ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተሮችን በጨረታ ሲሸጥ የራሱን መልሶ ገዛው። ከዚያ ወዲህ በበጋ በየሳምንቱ ከሮብ ገበያ በላይ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይወጣል። እዚያ ታላቅ እህቱ አለች፤ ጥቂት ከብቶቹና የንብ ቀፎዎቹም በእሷ ግቢ ናቸው። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ከኋላው ወደ ጎን ተቀምጬ በአንድ እጄ ነጠላዬን፣ በሌላው የመቀመጫውን የብረት እጀታ እይዛለሁ። ለምን እንደምሄድ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ነግሬው አላውቅም።

በሰኔ ለከብቶቹ ሁለት ከረጢት ጨው ገዛ። የደጋ ሣር በክረምት ውሃ ይበዛበታል፤ ጨው ያላገኘ ከብት አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ አውርዶ ያኝካል። ጨውን ሊያደርስ ባሰበበት ሳምንት ዝናቡ ጀመረ። ከሮብ ገበያ በላይ ያለው መንገድ ጭቃ ሆነ፤ ጨውም ከኛው ዘንድ ቀረ።

ሁለታችንም የገጠር ልጆች ነን። ሁለታችንም ከእናቶቻችን የተማርነው ጨው መሬት ላይ እንደማይቀመጥ ነው። መሬት የነካ ጨው ውሃ ይጠጣል። እነሱ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ያኖሩት ነበር። የእኛ ቤት ቆጥ የለውም። የዕቃ ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ በክረምት ያልበዋል። መደርደሪያውም በዘር ድንች ተሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ዙሪያውን ካየ በኋላ ሞተሩን አየ። ከመሬት ከፍ ያለ፣ እስከ መስከረም ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር እሱ ብቻ ነበር። አንዱን ከረጢት መቀመጫው ላይ፣ ሌላውን ታንኩ ላይ አጋድመን ሸራ አለበስናቸው። ጥሩ ቦታ አገኘንለት ተባብለን ዘግተን ወጣን። ያሰብነው ለጨው ነበር። ለሞተሩ ያሰበ የለም።

ለካ ከበላዩ አንድ የቆርቆሮ ሚስማር ላልቶ ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ ውሃው ጠብ ሲል፣ በሸራው ቀዳዳ በኩል ከረጢቱ ውስጥ ሲገባ፣ ጨውም እየቀለጠ ሞተሩ ላይ ሲወርድ ከርሟል።

ትልቁ ልጃችን የሚኖረው አዳማ ነው፤ ሥራው የጭነት መኪኖችን ማሰማራት ነው። የዚያኑ ቀን ደወልንለት። ባለቤቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ይህንን እንኳ ለእኔ ተውልኝ» አለ ልጁ። «ከአፋር ጨው የሚያመላልሱ መኪኖች በየቀኑ በፊቴ ያልፋሉ። ሻንሲያቸው እንደ ብስኩት ነው የሚፈረፈር። ጨው የገባበት ብረት አይድንም። ለቁራሌ ስጠው።»

«አንተ ስትወለድ እናትህን ሐኪም ቤት ያደረሳት ይህ ብረት ነው።»

«ስላደረሳት እግዜር ይስጠው። አሁን ይረፍ። አንተም እረፍ።»

ባለቤቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። ልጁ የቀረውን ለእኔ ነገረኝ። ከብቶቹ ይሸጡ፣ ቀፎዎቹ ለአክስቱ ይሰጡ፣ እኛም ብርዱን ትተን አዳማ እንምጣ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በየዓመቱ ሲያነሣው ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ ይወጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ዘንድሮ የሚያስነሣው ነገር አልነበረውም።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ ሚኒባስ አለ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ዳገት ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ጉልበቱን ካመመው ቆይቷል። በቅሎ ላይ እንዳይወጣ እግሩ አይነሣለትም። ሞተሩ ከሌለ መሄድ የለም። መሄድ ከሌለ ከብቶቹም ቀፎዎቹም ይሸጣሉ፤ እሱም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል። እንደዚያ የሚውሉ ጡረተኞች በሰፈራችን አሉ። ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ ሲነሡ አላየሁም። ማሩ የሚቆረጠው ደግሞ በኅዳር ነው። ቀፎዎቹን ለማንም አምኖ አይሰጥም።

በማግስቱ ሞተሩን ወደ ግቢው አወጣነው። የኋላ ጎማው አልዞር ስላለ ጎተትነው ማለት ይሻላል። ግቢያችን ውስጥ አንዲት የወተት ላም አለችን። ሞተሩ ገና ከበሩ ሳይወጣ ጆሮዋን አቀናች። ጥላ ሥር አቁመነው ትንፋሻችንን ስንሰበስብ ገመዷን በጥሳ መጣችና ታንኩን ትልስ ጀመር።

«ሂጂ! አንቺ፣ ሂጂ!» አለና ባለቤቴ ዱላ አነሣ። ዱላውን እንዳነሣ ቆመ። «ተዪያት እስቲ» አለኝ። እኔ የነካኋት ነገር የለም።

ላሟ ታንኩን ትታ ወደ መሪው ሥር ሄደች። ከዚያ ወደ ፊት መብራቱ፣ ከዚያ ዞራ ከመቀመጫው በታች ምላሷን ሰደደች። ባለቤቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያታል። የታመመ ከብት የሚያየው እንደዚያ ነው።

«የት የት እንዳለ እያሳየችን ነው» አለ።

ሥራችን በዚህ ተጀመረ። ባትሪውን አወጣ፤ ግራሶውንና ዘይቱን በጨርቅ ጠረገ፤ ላሟን እንዳይጎዳ ብሎ ነው። ክረምቱን በበርሜል ያጠራቀምነው የጣሪያ ውሃ ነበር፤ በሱ ሙልጭ አድርገን አጠብነው። ሲደርቅ ላሟን በአጭር ገመድ ይዞ ያመጣታል። አንዴ ሁለቴ ትልሳለች፤ ወዲያው ይጎትታታል። የላሰችበትን በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። እኛም ምልክቱ ያለበትን እንደገና እናጥባለን። ንጹሕ የሆነውን ብረት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ለጥቂት ቀን ዝም ብላ አየችን። በኋላ አላስቻላትም።

«ምነው እትዬ፣ ላሟን ሞተር እያስተማራችኋት ነው?»

«መንጃ ፈቃድ እያወጣንላት ነው» አለ ባለቤቴ ቀና ሳይል።

«ወተቱን በሞተር ልታከፋፍል?»

«አንቺ ጋ ግን አትመጣም፤ ዳገት ነው።»

አፍስሶ ማጠብ ብቻውን እንደማይበቃ ያየሁት እኔ ነኝ። ጨው የበዛበትን ቋንጣ አለቅልቀሽ አትተዪውም፤ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ውሃውን ትቀይሪለታለሽ። ይህንኑ ነገርሁት። ካቴናውንና የተፈቱትን ብሎኖች ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍናቸው። ሁሉም ቀስ በቀስ ለቀቀ። አንድ ቦታ ግን ቀረ። ከመቀመጫው በታች፣ ወደ ኋላ ጎማው በሚወርደው የሻንሲ ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቱቦው ውስጡ ባዶ ነው። ላሟ ሌላውን ሁሉ ስትተወው ያችን ቀዳዳ አልተወችም። ጨው ውሃው ገብቶ ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው።

ቀዳዳዋን በጨርቅ ወትፈን፣ ከላይ ብሎኑ በወጣበት በኩል ውሃ ሞላንበት። ሌሊቱን አሳድረነው ጠዋት ጠዋት ጨርቁን አውጥተን በጣሳ እንቀበላለን። ባለቤቴ ላሟ ያንን እንድትጠጣ አልፈለገም። ስለዚህ እኔ በጣቴ ነክሬ እቀምሳለሁ፤ እተፋለሁ።

«እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ለሽሮ ይበቃል።»

በሌላ ቀን ጠዋት፦

«ዛሬስ?»

«ጨው የተከለከለ ሰው ይበላዋል።»

«ያ እኔ ነኝ» አለ። ሐኪም ስለ ደም ግፊቱ ከነገረው ወዲህ ወጡ ላይ ጨው መቀነሴ ከሆዱ አልወጣለትም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ቀምሼ ጣቴን ደግሜ ነከርሁ። እሱም ጣሳውን አስጠጋልኝ።

«ውሃ ነው» አልሁት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የዛገ ውሃ ነው። ጨው ግን የለውም።»

በጋሪ ጭነን ከተማው ዳር ወዳለው ጋራዥ ወሰድነው። ሜካኒኩ ወፍራም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ባለቤቴን ከሥራው ዘመን ጀምሮ ሐኪም እያለ ነው የሚጠራው።

«ሐኪም፣ ይህ ደግሞ ከየት ባሕር ወጣ?»

«ባሕር አላየም።»

«እኔም አላየሁም። እሱ ግን ያየ ይመስላል።» ስለ ከረጢቶቹ ስንነግረው እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል እንጂ፣ ሞተር ላይ ጣፍጥ ያለው ማን ነው? የከብት ክትባትም እንዲህ ነበር ያስቀመጡት?»

«አንድም አልተበላሸብኝም።»

«ከብቶቹ ዕድለኞች ናቸው» አለና ሥራውን ጀመረ።

ካንዴላውን ፈቶ አየ። ዘይቱን በሳህን አፈሰሰውና በጣቶቹ መካከል አሸው። ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ይነጣል አለን፤ ይህ ግን ጥቁር ነበር። «ሆዱ ደህና ነው» አለ። ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሜካኒኩ አንዱን ሽቦ ቆርጦ አሳየን፤ ውስጡ እስከ ሩቅ አረንጓዴ ሆኗል። ሽቦው ሁሉ ይጣላል። ካቴናው፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ የኋላ ጎማው ቸርኬ ይጣላሉ። ደግነቱ ጋራዡ ጀርባ ሌላ የሞተ ሞተር ነበረና ከሱ ይወሰዳል።

መጨረሻ ላይ ትንሽ መዶሻ ይዞ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ይመታ ጀመር። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ከመቀመጫው ሥር ሲደርስ ግን ታፈነ። ላሟ ያልተወችው ቦታ ነው። ደግሞ መታው። ሳቁን ተወ።

«ነገሩ እዚህ ላይ ነው» አለ። «ሌላው ዕቃ ነው፤ ይለወጣል። ይህ አጥንት ነው። ውስጡን በልቶታል። ብረት ደርቤ እበይደዋለሁ፤ ይይዛል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ብሆን አላሠራውም። ሁለት ክረምት፣ ቢበዛ ሦስት ቢያልፍ ነው።»

ባለቤቴ ዕድሜውን የሚያስብ መሰለ። «እኔስ ስንት ክረምት የማልፍ መሰለህ?» አለው።

ሜካኒኩ እኔን አየኝ፤ ይሳቅ ይተወው አላወቀም። እኔ ነጠላዬን አስተካከልሁ። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ።

«እንግዲያ አንድ ነገር» አለ ሜካኒኩ፣ መዶሻውን እያስቀመጠ። «የሚሸከመው አንድ ሰው ነው። በዳገት ሁለት ሰው ተጭኖበት ቢሰበር በእኔ እንዳይላከክ።»

ይህን ያለው እኔ የምቀመጥበትን የሞተሩን ኋላ እየደባበሰ ነው። ባለቤቴ ከድንጋዩ ተነሥቶ የሞተሩን መሪ ያዘ። ማሠራቱን ሊተወው እንደሆነ ገባኝ።

«ይሠራ» አልሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ሰማሽው?» አለኝ ባለቤቴ ስንመለስ። በባጃጅ ነበር የምንመለሰው፤ ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት።

«ሰማሁት።»

«ለአንድ ሰው ነው ያለው እኮ።»

«ጆሮዬ ደህና ነው» አልሁት። «እግሬም ደህና ነው።»

ልጃችን ሲደውል ጋራዥ ገብቷል አልሁት። «እማዬ፣ አንቺ እንኳን ታስተይው ይሆናል ብዬ ነበር» አለኝ። ከብቶቹን በሚመለከት ከኅዳር በኋላ እንነጋገራለን አልሁት።

ማር ሊቆረጥ ሲደርስ ሞተሩ ወጣ። ግማሹ ቀይ፣ ከሞተው የተወሰደው ግማሹ ሰማያዊ ነው። ድምፁም እንደ ድሮው አይደለም፤ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የተረፈውን ጨው ስናወጣው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በመጥረቢያ ፈልጠን በአዲስ ከረጢት ከተትነው። ባለቤቴ ከረጢቱን አየ፤ ሞተሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጨው በሚኒባስ ነው የሚሄድ» አልሁት።

እኔና ጨው በሚኒባስ፣ እሱ በሞተር ሮብ ገበያ ተገናኘን። ጨውን ዳገቱን ለምትወጣ አህያ አስጫንን። ከዚያ እኔ በእግሬ መንገድ ጀመርሁ። አደይ አበባው ረግፎ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ቀዝቃዛው ነፋስ ከጮቄ በኩል ይወርዳል። በሞተር ስንሄድ የማላያቸው ነገሮች ነበሩ፤ ለምሳሌ ከመንገዱ በታች ያለችውን ምንጭ ብዙ ዓመት ሳላያት አልፌአታለሁ። ባለቤቴ ከፊቴ ይሄድና ጠመዝማዛው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስደርስበት አስነስቶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ አገኘዋለሁ።

ዳገቱ ሲያልቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አጠገብ ሜዳው ይጀምራል። እዚያ ቆሞ ነበር። ሞተሩን አላጠፋውም።

«ሜዳ ላይ ምን ይሆናል?» አለ።

«ሜካኒኩ ያለውን አልሰማህም?»

«በዳገት ነው ያለው። ይህ ዳገት ነው?»

ዳገት አልነበረም። ወጥቼ ወደ ጎን ተቀመጥሁ። እጀታውን ያዝሁ። በረገጥነው ድንጋይ ሁሉ የተበየደው ቦታ ይሰበር ይሆን እያልሁ አጥብቄ ስለያዝሁት እስክንደርስ ድረስ መዳፌ በላብ ረጥቦ ነበር።

የባለቤቴ እህት ከደጅ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ታየናለች። ዓይኗ ከሁላችንም ይሻላል። «አንተ!» አለችው ገና ሳንወርድ፤ «ያን ሁሉ ዳገት እሷን በእግር አስኪደህ አንተ ተቀምጠህ መጣህ? ሜዳው ላይ ስትጭናት ያላየሁ መሰለህ?»

«ጨው ነው እትዬ፣ ጨው ነው እንዲህ ያደረገን።»

«ጨውስ ያው ከታች አህያ ላይ ሆኖ እየመጣ ነው። ከአንተ ይሻላል፤ ለሚስትህ ቦታ ለቋል።» ከዚያ እኔን አቅፋ ሳመችኝ። «ግቢ እቴ፣ ተቀመጪ። ተዪው ይህን።»

እኛ ስንሳሳም ከብቶቹ ሞተሩን ከበው ቆይተዋል። አህያዋ ገና ዳገት ላይ ነበረች፤ ጨው ከሰኔ ጀምሮ አልቀመሱም። ያሸታሉ፣ ይተዉታል። የተበየደውን ቦታ አንዷ አሽትታ አለፈች። ባለቤቴ ይህን አየና ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ቱቦው ነጽቷል ማለቱ ነው። አንዲት ጊደር ግን ከኋላ ሄዳ የመቀመጫውን እጀታ ትልስ ጀመር።

«እሱን ደግሞ አላጠብነውም እንዴ?» አልሁ።

«አጥበነዋል» አለ። «እዚያ ላይ ያለው የከረጢቱ ጨው አይደለም። የአንቺ እጅ ነው።»

መዳፌን ነጠላዬ ላይ ጠረግሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። ማሩ በማግስቱ ተቆረጠ፤ ዘንድሮ ነጭ ነው። ልጃችን ሲደውል ከብቶቹን አላነሣብኝም፤ ሞተሩ አደረሳችሁ ወይ ብቻ አለኝ። ደርሰናል አልሁት።